የአንባብያን ጥያቄ፦ «አራት ቀን አለፈ፤ አሁን ወዴት እንሂድ?»

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች የመጡት ከአዳማና ከአካባቢዋ ነው። ጉዳያቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ሌሎቹን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው አቆይተን አምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። የጸሐፊዎቹን ማንነት ሊያስታውቁ የሚችሉ ዝርዝሮች በፈቃዳቸው ተቀይረዋል።

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ በአዳማ ከተማ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የ19 ዓመት ታናሽ እኅቴ ከምንጃር መጥታ ከእኔ ጋር እየኖረች በአንድ ሆቴል በክፍል አዘጋጅነት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ማታ ፈረቃዋን ጨርሳ ልትወጣ ስትል የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ «የምትፈርሚበት ወረቀት አለ» ብሎ ካስቀራት በኋላ በኃይል ደፍሯታል። ሦስት ቀን ሙሉ «አሞኛል» ብላ ተኝታ ቆይታ የነገረችኝ ትናንት እሑድ ሌሊት ነው። ገላዋን ታጥባለች፤ የሥራ ልብሷንም አጥባዋለች፤ የውስጥ ልብሷ ግን በቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ ነው። አንዲት ጎረቤታችን «72 ሰዓት ካለፈ ሆስፒታልም ፖሊስም አይቀበላችሁም» አለችን። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የሰውዬው ዘመዶች ወደ አጎታችን ሽማግሌ ልከው፣ ካሳ ተከፍሎ ነገሩ በዕርቅ እንዲያልቅ፣ ለልጅቱም ስም ሲባል ገመናው እንዲሸፈን ጠይቀዋል። አጎታችን ተስማምቷል። እኅቴ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ትፈራለች፤ ኦሮምኛም አትችልም። ለጠበቃ የምንከፍለው ገንዘብ የለንም። በእርግጥ ጊዜው አልፎብናል? ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ደብዳቤዎ በቴሌግራም የደረሰን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስለነበረና እትሙ እስኪወጣ መጠበቅ ስለማይቻል በዚያው ምሽት በስልክ እንደተነጋገርን ያስታውሳሉ። በስልክ ያልነው የመጀመሪያው ነገር «ነገ ሳይሆን ዛሬ ማታ ሆስፒታል ይሂዱ» የሚል ነበር። እዚህ ደግመን በሰፊው የምንጽፈው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በተመሳሳይ ጭንቀት ውስጥ ለሚገኙ ሌሎች ሰዎች እንዲጠቅም ነው።

ጎረቤትዎ የጠቀሱት 72 ሰዓት ከመሬት የተነሣ ወሬ አይደለም። ስሕተቱ የአንድን መድኃኒት የጊዜ ገደብ የነገሩ ሁሉ ገደብ ማድረጉ ነው። በኤች አይ ቪ መያዝን የሚከላከለውና በሕክምና ባለሙያዎች ዘንድ «ፔፕ» የሚባለው መድኃኒት መጀመር ያለበት ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢጀመር ይበልጥ ይሻላል፣ ከተጀመረም ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ስለዚህ ሐሙስ ማታ የተደፈረች ልጅ ለዚህ መድኃኒት የነበራት ጊዜ እሑድ ማታ አልቋል፤ ይህን መደበቅ አይገባንም። ነገር ግን ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለው፣ ብዙ ሰው «ፖስትፒል» እያለ የሚጠራው እንክብል፣ አቅሙ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰም ቢሆን እስከ 120 ሰዓት፣ ማለትም እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል። ደብዳቤዎን በጻፉበት ሰኞ ማታ እኅትዎ ገና በ96ኛው ሰዓት ላይ ነበረች። «አልፏል» የሚለው ቃል ቢታመን ኖሮ አንድ ቀን የቀረው በር በገዛ እጃችን ይዘጋ ነበር።

ሌላው ሕክምና ደግሞ በ72 ሰዓትም ሆነ በ120 ሰዓት የሚቆም አይደለም። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ ሌሎች በሽታዎች በመድኃኒት ይታከማሉ፤ የጉበት በሽታ ክትባትና እንደ ቁስሉ ሁኔታ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይሰጣል፤ የኤች አይ ቪና የእርግዝና ምርመራ በዕለቱ ተደርጎ ውጤቱን ለማረጋገጥ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። እንቅልፍ ማጣት፣ መደንገጥ፣ ምግብ መጥላት፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት በሥነ ልቦና ባለሙያ የሚታዩ ጉዳቶች ናቸው። ሦስት ቀን ተኝታ መቆየቷ ራሱ የጉዳቱ አካል እንጂ «ለምን ወዲያው አልተናገረችም?» ተብሎ ሊጠየቅባት የሚገባ ጥፋት አይደለም። መርማሪ እንኳ ይህን ቢጠይቃት ያለ ኀፍረት «ደንግጬ፣ ፈርቼ ነበር» ብላ እውነቱን መመለስ ትችላለች።

ወዴት እንሂድ ላሉት፣ አዳማ ላይ ያለው መልስ ግልጽ ነው፦ በቀድሞ ስሙ ኃይለማርያም ማሞ ተብሎ ወደሚታወቀው አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ። በዚህ ሆስፒታል ውስጥ ብዙዎች «ዋን ስቶፕ ሴንተር» የሚሉት፣ የጾታ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት በአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚሰጥ ክፍል አለ። የክፍሉ አሠራር የሐኪሙን፣ የሥነ ልቦና ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያውን፣ የፖሊስ መርማሪውንና የዐቃቤ ሕጉን ሥራ አንድ ቦታ ላይ ማቀናጀት ነው፤ ዓላማውም ጥቃት የደረሰባት ሴት ያንኑ ታሪክ በአራት ቢሮ አራት ጊዜ እንዳትናገር ማድረግ ነው። አገልግሎቱ በነጻ ነው። ክፍሉ በተዘጋበት ሰዓት የደረሰ ሰው በድንገተኛ ክፍል በኩል መግባት ይችላል። በአዲስ አበባ ላሉ አንባብያን በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ በሐዋሳ ላሉት ደግሞ በአዳሬ ሆስፒታል ተመሳሳይ አገልግሎት አለ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርሱ ለጥበቃው ወይም ለካርድ ክፍል ሠራተኛው ታሪኩን መተረክ አይጠበቅባችሁም። ዝቅ ባለ ድምፅ «የጾታ ጥቃት ደርሶባት ነው፤ የአንድ ማዕከሉን ክፍል አሳዩን» ማለት ይበቃል። ወረፋ የያዘ ሰው ሁሉ እየሰማ «ምን ሆና ነው?» የሚል ቢያጋጥማችሁ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ደግሞ «ለሐኪሙ ብቻ እንነግራለን» ማለት መብታችሁ ነው። እኅትዎ 19 ዓመቷ ስለሆነ ምርመራውን የምትፈቅደውም የምትከለክለውም ራሷ ናት፤ እርስዎ አብረዋት መግባትዎን ከፈለገች ይገባሉ፣ ካልፈለገች ውጭ ይጠብቃሉ። ታላቅ እኅት ለሆነ ሰው ይህ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ሆኖም በዚያች ሌሊት ፈቃዷ ለተነጠቀባት ልጅ «ትፈልጊያለሽ ወይ?» ተብሎ መጠየቁ ራሱ ሕክምና ነው።

ከፖሊስ እንጀምር ወይስ ከሐኪም የሚለው ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ የሚያደናግር ነው። ለሕክምና የፖሊስ ደብዳቤ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ፖሊስ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ የሚጽፈው የምርመራው ውጤት በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ለምርመራ መዝገቡ እንዲላክለት ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ ከጣቢያ ደብዳቤ አምጡ» ተብሎ የተመለሰ ሰው ካለ የተጠየቀው ለወረቀቱ የሚያስፈልግ ነገር እንጂ ለመድኃኒቱ የሚያስፈልግ አይደለምና፣ «ሕክምናው ይቅደም፣ ደብዳቤው ይከተላል» ብሎ መጽናት ይገባል። በአንድ ማዕከሉ ክፍል ፖሊሱም የአሠራሩ አካል ስለሆነ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አይነሣም።

ገላዋን መታጠቧና ልብሷን ማጠቧ የሚቆጭ ቢሆንም ነገሩን አያከትመውም። በቦርሳ ውስጥ ያለውን የውስጥ ልብስ ሳይነካካ በካኪ ፖስታ ወይም በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው ይውሰዱት፤ በፌስታል አይጠቅልሉት፣ ፌስታል እርጥበት አምቆ ሊገኝ የሚችለውን ናሙና ያበላሸዋል። የታጠበውንም የሥራ ልብስ ይውሰዱ፤ የተቀደደ ስፌት ወይም የተበጠሰ ቁልፍ ሊኖረው ይችላል። ሰውየው በስልክ የላከላት መልእክት ካለ አታጥፋው። በቴሌግራም የላከ ሰው መልእክቱን ከሁለቱም ወገን ሊያጠፋው ስለሚችል የስልኩን ገጽ ቁጥሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታዩ አድርገው በሌላ ስልክ ፎቶ ያንሡት። እርስዎም ምስክር ነዎት፦ በመጀመሪያ የሰማ ሰው ስለሆኑ እሑድ ሌሊት በስንት ሰዓት፣ በምን ሁኔታ፣ በምን ቃል እንደነገረችዎ ሳይረሱት ዛሬውኑ በወረቀት ያስፍሩት። የሆቴሉ የፈረቃ መዝገብና የኮሪደር ካሜራ ምስል ደግሞ ከሁሉ በላይ ያስቸኩላሉ፤ የካሜራ ምስል ከቀናት በኋላ በአዲስ ምስል ሊሸፈን ስለሚችል መርማሪው ቶሎ እንዲጠይቀው ማመልከት ያስፈልጋል። ለፖሊስ ፈጥኖ ማመልከት የሚጠቅመው በዋናነት ለዚህ ነው።

ስለ ክብረ ንጽሕና አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንችልም፤ የሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በዚህ የተጨነቁ ናቸውና። «ሐኪሙ አዲስ መቀደድ የለም ብሎ ጻፈ፣ እንግዲህ ክሱ ወደቀ» የሚል አስተሳሰብ በቤተሰብም፣ አንዳንዴም በሕግ ባለሙያ ዘንድ አለ። ክብረ ንጽሕና በመመርመር አንዲት ሴት ግንኙነት ማድረግ አለማድረጓን ማረጋገጥ እንደማይቻል የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ አስታውቋል። ቁስል አለመኖሩም አለመደፈሯን አያሳይም። የደነገጠ ሰውነት ብዙ ጊዜ አይታገልም፤ ካልታገለም ጭረት አይኖረውም። ሕጉም የሚጠይቀው በኃይል ወይም በከባድ ዛቻ መገደዷን፣ ወይም ራሷን እንዳትከላከል መደረጓን እንጂ ከዚያ በፊት ድንግል መሆኗን አይደለም።

ሕጉን ከጠቀስን ዘንድ፣ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ተበዳይዋ ከ13 ዓመት በላይ ሆና 18 ዓመት ያልሞላት ከሆነች ወይም ድርጊቱን በኅብረት የፈጸሙት ብዙ ወንዶች ከሆኑ ጣሪያው ወደ 20 ዓመት ከፍ ይላል፤ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ቅጣቱ የዕድሜ ልክ እስራት ነው። እዚህ ላይ የሕጉን ጉድለት መናገርም የእኛ ድርሻ ነው፦ አንቀጹ የሚናገረው ከጋብቻ ውጭ ስለተፈጸመ ድርጊት ብቻ ስለሆነ ባሏ የሚያስገድዳት ሴት በዚህ አንቀጽ አትጠለልም።

አሁን ወደ አጎትዎና ወደ ሽማግሌዎቹ እንምጣ። አንዳንድ ወንጀሎች ተበዳዩ ካላመለከተ የማይከሰሱ፣ ከታረቀም የሚቋረጡ ናቸው፤ ስድብና ቀላል የእጅ እልፊት የዚህ ዓይነት ናቸው። አስገድዶ መድፈር ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም። ከሳሹ በሕዝብ ስም ዐቃቤ ሕግ ነው፤ እኅትዎ በመዝገቡ ላይ የምትጠራው «የግል ተበዳይ» ተብላ ነው። ስለዚህ አጎትዎ የተስማሙበት ዕርቅ፣ በአማርኛ ሽምግልና ተባለ በኦሮምኛ ጃርሱማ፣ ክሱን የማስቀረት ኃይል በሕግ የለውም። በተግባር ግን መዝገብ ሲያመክን በተደጋጋሚ ይታያል፤ ምክንያቱም ገንዘቡን የተቀበለ ቤተሰብ ልጅቱን ቃሏን እንድትለውጥ ወይም ምስክር ሆና እንዳትቀርብ ስለሚያስገድዳት ነው። «ያገባታል» የሚለው መፍትሔ ደግሞ ጭራሽ መነሣት የለበትም። ጠለፋ ተፈጽሞ እንኳ ከጠላፊው ጋር በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድነው ሕጉ በአንቀጽ 587 ደንግጓል።

ካሳ ማግኘት ነውር አይደለም፤ ጥያቄው በየትኛው በር ይገኝ የሚለው ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 መሠረት በወንጀሉ ጉዳት የደረሰባት ሰው ካሳ እንዲከፈላት መጠየቅ ትችላለች፤ ጥያቄዋንም ከወንጀል ክሱ ጋር አጣምራ ወይም ለብቻው በፍትሐ ብሔር ክስ ማቅረብ ትችላለች። ለዳኝነት የምትከፍለው ከሌላት «በደኃ ደንብ» ለመክሰስ ፍርድ ቤቱ እንዲፈቅድላት ታመለክታለች። አጎትዎን «ካሳውን ፍርድ ቤት ይወስነው፤ እርስዎ ግን ጣቢያ ድረስ አብረውን ይምጡ» ቢሏቸው ሽማግሌነታቸውንም አልነሷቸውም፣ ልጅቱንም አልሸጧትም። ይህን ምክር የሰሙ አጎቶች አሉ፤ ያልሰሙም አሉ።

ቋንቋን በተመለከተ፣ በኦሮሚያ ክልል የፖሊስና የፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ መሆኑ እውነት ነው። አዳማ ግን አማርኛ የማይሰማባት ከተማ አይደለችምና እኅትዎ ቃሏን በአማርኛ መስጠት፣ መርማሪው በኦሮምኛ የጻፈውም ተተርጉሞ እንዲነበብላት መጠየቅ ትችላለች። የተጻፈው የተናገረችው መሆኑን ሳታረጋግጥ አትፈርም፤ በፍርድ ቤት ሁለት የተለያየ ቃል ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ በተሠራ ስሕተት ነው። ሴት መርማሪ እንድታነጋግራት መጠየቅም ትችላለች። የልቧን ለባዕድ ወንድ ለመናገር የከበዳት ልጅ ይህን ስላለች ማንም አይቆጣትም፤ የሚቆጣ ካለም ኃላፊውን ጠርቶ መናገር ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ችሎት በዝግ እንዲካሄድ ስለሚፈቅድ፣ በዝግ ችሎት እንድትሰማ በዐቃቤ ሕጉ በኩል ታመልክት።

ሰውየው ተይዞ ከጥቂት ቀናት በኋላ በሰፈር ሲታይ የብዙ ቤተሰብ ልብ ይሰበራል፤ ስለዚህ አስቀድመን እንናገር። ይህ ወንጀል በአብዛኛው ዋስትና የሚያስከለክል አይደለም፤ በዋስ ወጣ ማለትም ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ሆኖም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 67 ተጠርጣሪው ምስክሮችን የሚያባብል ወይም ማስረጃ የሚያጠፋ መሆኑ ሲታመን ዋስትና ሊከለከል እንደሚችል ይደነግጋል። እንግዲህ ዛቻ ወይም ማባበያ በደረሳችሁ ቁጥር ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ስልክ እንደሆነ መዝግባችሁ ለመርማሪው ወይም ለዐቃቤ ሕጉ የምትነግሩት ለዚህ ነው። ጉዳዩ ከከበደ በአዋጅ ቁጥር 699/2003 ለምስክሮች የሚሰጥ ጥበቃም አለ።

የጠበቃ ነገር ከምትፈሩት ይቀላል። በወንጀል ክሱ የእኅትዎን ጉዳይ ይዞ የሚቆመው ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ ለዚያ ገንዘብ አይከፈልም። ከጎኗ ሆኖ የሚያማክራት፣ መዝገቡ የት እንደደረሰ የሚከታተልላት፣ የካሳ ጥያቄውንም የሚጽፍላት ባለሙያ ደግሞ በኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በኩል በነጻ ይገኛል። ከ1987 ጀምሮ የሚሠራው ይህ ማኅበር በአዳማ ቅርንጫፍ ያለው ሲሆን ነጻ የስልክ መስመሩ 7711 ነው። «አለኝታ» በሚባለው ነጻ መስመር በ6388 ደውላም በስልክ የምክር አገልግሎት ማግኘት ትችላለች። ሰውየው ወይም ዘመዶቹ ቤታችሁን ስለሚያውቁት እዚያ ማደር ካስፈራት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዳማ መጠለያ አለው፤ ወደዚያ መግባት የሚቻለው አብዛኛውን ጊዜ በፖሊስ፣ በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም በሆስፒታሉ በኩል ሲላኩ ስለሆነ ፍላጎቷን በአንድ ማዕከሉ ክፍል ሳለች ትንገራቸው።

በደብዳቤዎ ያልጠየቁን፣ እኛ ግን ልናልፈው ያልወደድነው የሥራዋ ጉዳይ ነው። ወደዚያ ሆቴል መመለስ የለባትም፤ ዝም ብላ ብትቀር ግን «ሥራ ጥላ ጠፋች» ይባልና መብቷ ይጓደላል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 32 መሠረት በአሠሪው ወይም በሥራ መሪ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባት ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ውሏን ማቋረጥ ትችላለች፤ የሥራ ስንብት ክፍያና የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ የሚታሰብ ካሳም ይገባታል። ምክንያቷንና ሥራ የለቀቀችበትን ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ አለባት፤ ይህን መብት የምትጠቀምበት ጊዜም 15 የሥራ ቀን ብቻ ነው። ደብዳቤውን ለመጻፍ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ባለሙያዎች ይረዷታል። ለወንጀል ክሱ ግን የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ 20 ዓመት ነው። በአንድ ሌሊት በደረሰ አንድ ጥቃት ላይ አንዱ ሰዓት በሦስት ቀን፣ አንዱ በአምስት ቀን፣ አንዱ በ15 የሥራ ቀን፣ አንዱ በ20 ዓመት ይዘጋል፤ «ጊዜው አልፏል» የሚል ሰው ሲመጣ «የትኛው ጊዜ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። የሚያስጠናው ጎረምሳ እንደደፈረው ጠርጥሬ ደጋግሜ ብጠይቀው አንዴ አዎ፣ አንዴ አይደለም ይለኛል። ወንድ ልጅ ስለሆነ ሕጉ ያየዋል ወይ? ወጣቱን ቤት ጠርቼ ፊት ለፊት ላፋጥጣቸው?

መልስ፦ ውድ እናት፣ እባክዎ አያፋጥጧቸው። ልጁ ይደነግጣል፣ ወጣቱም ይጠፋል ወይም ማስረጃ ያጠፋል። ልጁንም ከአሁን በኋላ በራስዎ አይጠይቁት፤ አንድን ሕፃን ደጋግሞ መጠየቅ መልሱን ያለዋውጠዋል፣ በኋላም «እናቱ ያስጠናችው ነው» ለሚል ተከራካሪ ቀዳዳ ይከፍታል። ሲነግርዎ ያዳምጡት፣ «አልቆጣህም፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ይበሉት፣ የተናገረውንም በራሱ ቃል ይጻፉት። ከዚያ ወደዚያው የሆስፒታሉ ክፍል ይውሰዱት፤ አገልግሎቱ ለወንድ ልጆችም ነው።

ሕጉ ያየዋል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 631 ወንድ አዋቂ ከ13 ዓመት በታች በሆነ ወንድ ልጅ ላይ ይህን ሲፈጽም ቅጣቱ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ተበዳይዋ በዚያ ዕድሜ ያለች ሴት ልጅ ብትሆን በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው። ሕፃን «ፈቅዶ ነበር» የሚል መከላከያ በሁለቱም የለም።

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ተማሪ ነኝ። ከተደፈርሁ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው፤ ማርገዜን ያወቅሁት አሁን ነው። ለማንም አልተናገርሁም፣ ፖሊስ ጋም አልሄድሁም። ፅንሱን ለማቋረጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልገኛል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 551 እርግዝናው በመደፈር የመጣ ሲሆን ማቋረጥ ወንጀል እንደማይሆን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 552 ደግሞ ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው የሴቲቱ ቃል ብቻ ነው። የፖሊስ ደብዳቤ፣ የደፋሪው ስም፣ የፍርድ ቤት ወረቀት እንዲያመጡ ሊጠየቁ አይገባም። ለጤና ባለሙያው «ተደፍሬ ነው ያረገዝሁት» ማለትዎ በቂ ነው። ሂደቱ በሕክምና ተቋም፣ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ መሆን አለበት፤ በየሰፈሩ ከሚሸጥና ከሚቀመም ነገር ይራቁ። ሳምንታት በጨመሩ ቁጥር ሕክምናው ስለሚከብድ አይዘግዩ። ለመክሰስ ወይም ላለመክሰስ መወሰንዎ ከዚህ ሕክምና ጋር የተያያዘ አይደለም፤ ዛሬ ታክመው ስለ ክሱ በሌላ ጊዜ ማሰብ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ጥቃቱ የደረሰብኝ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ሰውየው አሁንም በሰፈራችን ባጃጅ ይነዳል። ዛሬ ብናገር የሚሰማኝ አለ?

መልስ፦ አለ። የይርጋው 20 ዓመት አላለፈም። የሕክምና ማስረጃ አሁን አይገኝም፤ በዚያን ጊዜ የነገሯቸው ጓደኛ፣ የጻፉት ማስታወሻ ወይም የታከሙበት ካርድ ካለ ግን ይሰብስቡት። ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት በ7711 ደውለው ባለሙያ ቢያማክሩ መልካም ነው፤ ያለው ማስረጃ ለክስ ይበቃ እንደሆነ በግልጽ ይነግሩዎታል፤ አይበቃም ቢሉዎትም የሥነ ልቦና ምክሩን ለማግኘት ክስ መመሥረት ግዴታ አይደለም። ያን ባጃጅ ላለመሳፈር መንገድ እየለወጡ የኖሩትን ስድስት ዓመት ለአማካሪዋ ሲነግሯት ከየት እንደሚጀምሩ አይጨነቁ፤ ከባጃጁ ይጀምሩ።